ነፃ አገልግሎት ወይስ ነፃ መውጫ?

«ሲስተር፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ሹመት ያዳብር!»

ይህን ምርቃት የተቀበልኩት በአንድ እጄ የሻይ ብርጭቆ፣ በሌላው ብስኩት እንደያዝኩ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ከአዳራሹ ሮጣ ወጥታ ጉንጬን እያገላበጠች ሳመችኝ። «ምን ተገኘ?» አልኳት። «ቦርድ ገባሽ እኮ!» አለችኝ። እኔ እስከማውቀው ድረስ ሻይ ልጠጣ መውጣቴ ነበር።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አባል የሆንኩበት የጤና ባለሙያዎች ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤውን በአንድ ሆቴል አዳራሽ ባካሄደበት ዕለት ነው። የማኅበሩን ስም አልጽፍም። ባልጽፈውም ብዙዎቻችሁ የየራሳችሁን ማኅበር ታዩበታላችሁ ብዬ እገምታለሁ። ጠዋት የክብር እንግዳው ንግግር አደረጉ። ከዚያ የሥራ ሪፖርት፣ ከዚያ የሒሳብ ሪፖርት፣ ከዚያ ምሳ። ከምሳ በኋላ ጥናታዊ ጽሑፍ ቀረበ። «የቦርድ አባላት ምርጫ» የሚለው አጀንዳ እንደ ልማዱ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ሰዓቱ ዐሥራ አንድ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከክፍለ ሀገር የመጡት አባላት ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ሄደዋል። የከተማዎቹም የታክሲው ወረፋ ሳይረዝም ለመድረስ አንድ እግራቸውን በር ላይ አድርገዋል።

«ጥቆማ!» አሉ ሰብሳቢው። «ሲስተርን ጠቁሜያለሁ፤ ትጉህ ናት፣ ሰው አክባሪ ናት» አለ አንዱ። «ደግፌያለሁ» አለ ሌላው። «ተጨማሪ ጥቆማ ከሌለ ይዘጋልን!» እጅ ወጣ፤ ተቆጠረ፤ ተጨበጨበ። ሰባት የቦርድ አባላትን ለመምረጥ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም አሉ። አሉ የምለው እኔ ውጭ ስለነበርኩ ነው። «ፈቃደኛ ነሽ ወይ?» ያለኝ ሰው አልነበረም። «ተመርጠሽስ ምን ልትሠሪልን አስበሻል?» ያለኝም አልነበረም። እኔስ ምን አደረግሁ? ብርጭቆዬን አስቀምጬ፣ አፌን ጠርጌ፣ ገብቼ እጅ ነሣሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ያንን ደስታዬን ለመክሰስ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የሙያ ማኅበሮቻችንን የሚገድላቸው የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ የመንግሥት ቁጣም ብቻ አይደለም። «በነፃ ነው የሚያገለግሉን» የምንላት አንዲት ጨዋ ዐረፍተ ነገር ናት። መራጩ፣ «በነፃ ለሚያገለግል ሰው ምን ተብሎ ጥያቄ ይቀርባል? ነውር ነው» ይላል። ተመራጩ፣ «በነፃ እያገለገልኩ ምን ተብዬ እጠየቃለሁ?» ይላል። በሁለቱ መካከል አደራው ሜዳ ላይ ይወድቃል። ነፃ አገልግሎት የነበረው ነፃ መውጫ ይሆናል።

የጠረጴዛው ደብዳቤ

በተመረጥኩበት ዓመት ኅዳር ላይ አንድ ደብዳቤ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደረሰ። የጻፈችው በአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ የምትሠራ ወጣት ነርስ ናት። ሌሊት ብቻዋን ተረኛ ሳለች አንዲት እናት ትወልዳለች፤ ከወለደች በኋላ ደም ይፈሳታል። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ በዓለም ላይ ወላዶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች ዋነኛው መሆኑን የሙያው ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። ልጅቷ የተማረችውን አደረገች። መርፌውን ወጋች፣ ማሕፀኗን አሸች፣ ግሉኮስ ተከለች፣ አምቡላንስ ጠራች። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ሄዷል። እናቲቱ ሳይነጋ አረፈች።

ሟች አላት ቤተሰብ፤ ቤተሰብ አለው ሐዘን፤ ሐዘን ደግሞ ተጠያቂ ይፈልጋል። ነርሷ ከሥራና ከደመወዝ ታገደች። ጉዳዩን የያዘው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ ወሊድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ ወደ እኛ ጻፈች። «ከስሼ ተከሳሽ አድኑኝ» አላለችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያውቅ ሰው መዝገቡን አይቶ ሐሳቡን እንዲጽፍላት። «ጥፋተኛ ነሽ ካላችሁኝም እቀበላለሁ፤ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይመልከትልኝ» የሚለው ቃሏ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ቦርዳችን በየሁለት ወሩ ይሰበሰባል። ከሰባታችን አራት ካልተገኘን ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም። ጥር ላይ ሦስት ሰዎች መጡ። እኔ ቢሾፍቱ ዐውደ ጥናት ላይ ነበርኩ፤ ዐውደ ጥናቱ አበል ነበረው። መጋቢት ላይ ደግሞ ሦስት ሰዎች መጡ። እኔ ለቅሶ ነበረብኝ። ግንቦት ላይ ሁለት ብቻ መጡ። እኔ ረሳሁት። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ደውላ፣ «ሲስተር፣ ያቺ ልጅ እኮ ደግማ ጻፈች፤ ምን ልበላት?» ስትለኝ፣ «በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን በያት» አልኳት። ልብ በሉ፤ ከእኛ መካከል ክፉ ሰው አልነበረም። ጉቦ የበላ የለም፤ ገንዘብ የሰረቀ የለም። ሁላችንም በየሆስፒታላችን የተከበርን፣ በሥራችን የተመሰገንን ሰዎች ነን። ደብዳቤው ግን ከኅዳር እስከ ሰኔ ጠረጴዛ ላይ ተኛ።

ሰኔ ላይ ተሰብስበን ሁለት ባለሙያ መደብን። በዚያው ሰሞን ስልኳን ፈልጌ ደወልኩላት። ሚያዝያ ላይ ከሥራ መሰናበቷን ነገረችኝ። አሁን ከእኅቷ ጋር ሱቅ ከፍታለች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝና፣ «አይ ሲስተር፣ ምንም አይደል። እናንተም በነፃ ነው የምታገለግሉት፤ ሥራ በዝቶባችሁ ነው» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የበደልናት ልጅ የእኛን ማመካኛ ከእኛ በፊት አነሣችልን። ያን ዕለት ነው ይህች ዐረፍተ ነገር ምን ያህል እንደተጣባችን የገባኝ።

ድንኳኑ የት ነበር?

ለመሆኑ ያለ ደመወዝ ማገልገል ለእኛ አገር አዲስ ነገር ነው? እኔ የምኖርበት ሰፈር የዕድር ዳኛ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ሳንቲም አይከፈላቸውም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሳይተከል ረፈደ። በወሩ ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና፣ «ዳኛ፣ ያን ዕለት ድንኳኑ የት ነበር? እርስዎስ የት ነበሩ?» ሲሉ ጠየቁ። ዳኛው «እኔ እኮ በነፃ ነው የማገለግላችሁ» አላሉም። ንብረት ያዡ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዞ መንገድ መሄዱን አስረዱ፤ ይቅርታ ጠየቁ። ቁልፉ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ሰው ዘንድ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ነገሩ ሩብ ሰዓት አልወሰደም፤ ማንም አልተቀየመም።

ዕድር ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። የመዋጮው ደብተር ለጠየቀ ሁሉ ይገለጣል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን አደራና ደመወዝ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አሳምረው ያውቃሉ። ዲግሪ የደረደርነው እኛ ግን የቦርድ አባል ስንት ስብሰባ እንደቀረ በጠቅላላ ጉባኤ ሲነበብ ሰምተን አናውቅም። የኦዲት ሪፖርት ይነበባል፤ የብር ጉድለት ይፈለጋል። የሰው ጉድለት ግን አይፈለግም።

ሕጉም ቢሆን ከእናቶቻችን ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 404 ማኅበር ማለት ትርፍ ከማግኘትና ከመከፋፈል ውጭ ለሆነ ዓላማ የሚቋቋም የሰዎች ስብስብ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ትርፍ አለመፈለግ የማኅበር ተፈጥሮው ነው እንጂ መሪው የሚመሰገንበት ልዩ ውለታ አይደለም። የእንግሊዝን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሕግ ብናይ ደግሞ የቦርድ አባሉን ባለአደራ ብሎ ይጠራዋል። ባለአደራው እንደ ደንቡ ደመወዝ የለውም፤ ግዴታውን ጥሶ በድርጅቱ ላይ ኪሳራ ካደረሰ ግን ከራሱ ኪስ ሳይቀር ሊጠየቅ ይችላል። አልተከፈለውምና አይጠየቅም የሚል ነገር የለም።

ሦስት ማመካኛዎች

ይህን ሳነሣ የሚመልሱልኝን ዐውቃለሁ፤ እኔም ስመልሰው ኖሬያለሁና።

የመጀመሪያው፣ «ሕጉ እጃችንን አስሮን ነው» የሚለው ነው። እውነት ነበረው። የ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከዐሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ያግድ ነበር። ያ አዋጅ ግን በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል። ማመካኛው ካለቀ ዓመታት ተቆጥረዋል። እኛ ምን ሠራንበት? በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄያቸውን ይዘው ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ፣ በጥያቄውም ሳቢያ የታሰሩ ሲኖሩ፣ ብዙው ወጣት የተጠራራው በስልኩ ነው። ጥያቄው ልክ ነው አይደለም የሚለውን ለጊዜው ልተወውና አንድ ነገር ልጠይቅ። በየዓመቱ መዋጮ የሚከፍልበት ማኅበር እያለው ለምን በስልኩ ተጠራራ? ማኅበሩ የእሱ መሆኑን ማን አሳይቶት ያውቃል?

ሁለተኛው፣ «ምርጫው ይቅርና ዐዋቂዎች ይሾሙ፤ እንግሊዞችም እንዲያ አድርገዋል» የሚለው ነው። ይህ የተማረ ማመካኛ ስለሆነ በደንብ መታየት አለበት። እንግሊዝ ውስጥ ሐኪሞችን መዝግቦ የሚቆጣጠረው አካል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። ለረጅም ጊዜ ከአባላቱ ብዙዎቹን የሚመርጡት ሐኪሞቹ ራሳቸው ነበሩ። ሃሮልድ ሺፕማን የተባለው ሐኪም ዐሥራ አምስት በሽተኞቹን በመግደል እ.ኤ.አ. በ2000 ከተፈረደበት በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ጉባኤ የገደላቸው ሰዎች ከሁለት መቶ እንደሚበልጡ አረጋገጠ። ይኸው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሪፖርቱ ተቆጣጣሪው አካል ከበሽተኛው ይልቅ ለሐኪሙ ያደላል ሲል ነቀፈው። እ.ኤ.አ. በ2009 ምርጫው ቀርቶ አባላቱ ሁሉ የሚሾሙ፣ ግማሾቹም ከሙያው ውጭ የሆኑ ሰዎች እንዲሆኑ ተደረገ።

ደግ አደረጉ። ነገር ግን ያ ተቆጣጣሪ ነው። ዳኛን ተከሳሽ አይመርጠውም። ማኅበር ግን ዳኛ አይደለም፤ የአባላቱ አፍና ጆሮ ነው። አፌን ሌላ ሰው ከሾመልኝ የሚናገረው የእኔን ቃል ሳይሆን የሿሚውን ነው። ተቆጣጣሪና ማኅበር ሲደባለቁ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ማኅበርን በምርጫ መምራት ምን እንደሚመስል ለማየትም እዚያው እንግሊዝ መቆየት ይበቃል። የነርሶቹ ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1916 የተመሠረተ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መሪዎቹ መንግሥት ያቀረበውን የደመወዝ ስምምነት አባላቱ እንዲቀበሉ መከሩ። ደመወዙ ሲመጣ ብዙዎቹ ነርሶች የተነገራቸውን ያህል ሳያገኙ ቀሩ። ከሺህ በላይ አባላት ፈርመው አስቸኳይ ጉባኤ አስጠሩ። በመስከረም ወር በርሚንግሃም በተካሄደው ጉባኤ ድምፅ ከሰጡት መካከል 78 በመቶው በምክር ቤቱ ላይ እምነት እንደሌላቸው አስታወቁ። በምርጫ የገባው ምክር ቤትም ወንበሩን ለቀቀ፤ አዲስ ምርጫ ተጠራ። «በነፃ ያገለገሉ ናቸውና እንለፋቸው» ያለ አልነበረም።

ሐቁ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንግሊዞቹን አመስግኜ ባለፍኩ። ነገር ግን በዚያ ትልቅ ጉዳይ ላይ ድምፅ የሰጠው ከመቶ አባላት አራት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አባል ሆኖ መተኛት የእኛ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። የእኛ ለየት የሚለው፣ ከመቶው አራት ሰዎች «የት ነበራችሁ?» ብለው የሚነሡ ማጣታችን ነው።

ሦስተኛው ማመካኛ፣ «እንዲህ ከጠበቀ ማን ይመረጣል? ሁሉም ይሸሻል» የሚለው ነው። ይሽሽ! ሰባቱ ወንበር አራት ይሁን። ባዶ ወንበር ባዶነቱ ይታያል፤ አንድ ቀን ሰው ይቀመጥበታል። ስም የተለጠፈበት ባዶ ወንበር ግን ሞልቶ ስለሚታይ ማንም አይጠጋውም። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር እንዲህ ዘግቼ ኖሬያለሁ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በእኛ ማኅበር ሎሚዎቹን የምትሸከመው ደመወዝተኛዋ ጸሐፊ ናት፤ በሎሚው የምናጌጠው እኛ የቦርድ አባላት ነን።

እና ምን ይደረግ?

አንባቢ ሆይ፣ «የነርሶችና የሐኪሞች የቤት ጣጣ እኔን ምን አገባኝ?» እንዳትል። የሚያውቅ ሰው መዝገቧን እንደማያይላት ያወቀች ነርስ በሚቀጥለው ሌሊት ምን ታደርጋለች? እጇን ትሰበስባለች። ልትረዳት የምትችለውን እናት ሳይቀር «ሪፈር» ብላ መንገድ ላይ ትሰዳታለች፤ በእሷ እጅ እንዳትሞት ነዋ! መንገድ ላይ የምትሄደው የአንተ እኅት ልትሆን ትችላለች። ደግሞም ሐኪም ወይም ነርስ በእርግጥ ሲያጠፋ፣ «አዎ፣ ጥፋት ነው» ብሎ በሙያ ዓይን የሚመሰክርልህ ሰው የሚመጣው ከእነዚሁ ባለሙያዎች መካከል ነው። የተኛ ማኅበር ንጹሑንም አያድን፣ አጥፊውንም አያጋልጥ።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ ምርጫው ከምሳ በፊት ይሁን፤ ከሩቅ የመጣው ሰው መርጦ ይሂድ፤ መምጣት ያልቻለውም በየቅርንጫፉ ድምፁን በምስጢር የሚሰጥበት መንገድ ይበጅለት። ሁለተኛ፣ ጥቆማ ከጉባኤው አንድ ወር በፊት ይጠናቀቅ፤ ዕጩው ፈቃደኛ መሆኑን፣ በወር ስንት ሰዓት እንደሚሰጥና ምን ሊሠራ እንዳሰበ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ሻይ ሲጠጣ የሚመረጥ ሰው አይኑር። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ ከሒሳብ ሪፖርቱ በፊት የስም ጥሪው ይነበብ፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ስንት ጊዜ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ የቀረ ያለ ክርክር ይሰናበት። አራተኛ፣ የአባል ደብዳቤ በወሩ መልስ ያግኝ። መልሱ «አንችልም» ቢሆን እንኳ ይጻፍ፤ «አንችልም» የተባለ ሰው ቢያንስ ሌላ በር ያንኳኳል።

ይህን ሁሉ ለመወሰን አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ አንድ ጠቅላላ ጉባኤ ይበቃል። የሚያስፈልገው ይሉኝታን መተው ነው። ያገለገሉንን ማመስገን ደግ ነገር ነው፤ ግን ከምስጋናው በፊት ጥያቄው ይቅደም።

የእኔ ዘመን አልቋል። በመጨረሻው ጉባኤ ላይ ለሰባታችንም የምስክር ወረቀትና አንዳንድ ጋቢ ተሰጠን። «ያለ ምንም ክፍያ ጊዜያቸውን ሠውተው ላገለገሉን» ተባለ፤ ቆመው አጨበጨቡልን። እኔም ጋቢዬን ተቀብዬ እጅ ነሣሁ። ከመድረክ ስወርድ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ተነሥቶ «ሲስተር፣ ያን ዕለት የት ነበርሽ?» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልተነሣም።

እነሆ፣ የሚጠይቀኝ ባጣ ራሴን ጠየቅሁ። በሚቀጥለው ጉባኤ ደግሞ ከሻዩ ቀርቼ አዳራሹ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ እጄንም የማወጣው ለድጋፍ ብቻ አይሆንም።